የአዝመራ መርፌና የጋሽ አየልኝ ማህተም

ተረት ተረት! «የላም በረት» ከማለታችሁ በፊት ግን መታወቂያችሁን አሳዩኝ፤ ዘመኑ እንደዚያ ነው።

አዝመራ የምትባል ልጅ ነበረች። ነርሲንግ ተምራ ጨርሳለች። ኮሌጅ እያለች የላስቲክ ክንድ ስትወጋ ኖራለች፤ የላስቲክ ክንድ ደግሞ «ኡፍ!» አይልም፣ «ተባረኪ»ም አይልም። ስለዚህ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሲስተር» ተብላ አንድ እውነተኛ መርፌ መውጋት። እናቷ «ልጄ ሆስፒታል ተቀጠረች» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል፤ ሥራውን ካላገኘች እናትና ልጅ ከቤት መውጫ የላቸውም።

ጋውኗን ተኩሳ ወደ ከተማው ሆስፒታል ሄደች። የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር ጥሩወርቅ ከአልጋ አልጋ ትሮጣለች።

«ሰው አጥተን ልንሞት ነው» አለቻት።

«ይኸው መጣሁላችሁ!»

«የሙያ ፈቃድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ሳንቀጥርሽ እንሞታለን።»

ሆስፒታል ካልቀጠረ አዝመራ አትወጋ!

ወደ ፈቃድ ቢሮ ሄደች። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ቀና እንኳ ሳይል «መጀመሪያ ፈተናውን እለፊ» አላት። አዝመራ ሞጁሏን ታቅፋ አጠናች፤ እየበላች አጠናች፣ ታክሲ ውስጥ አጠናች። ጎረቤቷ «እንደምን አደርሽ?» ሲሏት «መልሱ መ ነው፣ ሁሉም» አለቻቸው። ፈተና ካልታለፈ ፈቃድ አይገኝ፣ ፈቃድ ካልተገኘ ሆስፒታል አይቀጥር፣ ሆስፒታል ካልቀጠረ አዝመራ አትወጋ!

አጥንታ አጥንታ ለፈተናው ልትመዘገብ ብትሄድ፣ መዝጋቢዋ «ዲግሪሽስ?» አለቻት።

«ኮሌጁ ገና አልሰጠኝም።»

«ታዲያ መማርሽን በምን እንወቅ?»

«ፈትኑኝና እወቁ!»

«እኛ የተቀመጥነው ለመመዝገብ ነው እንጂ ለማወቅ አይደለም።»

ዲግሪ ካልመጣ ፈተና አይታለፍ፣ ፈተና ካልታለፈ ፈቃድ አይገኝ፣ ፈቃድ ካልተገኘ ሆስፒታል አይቀጥር፣ ሆስፒታል ካልቀጠረ አዝመራ አትወጋ!

ኮሌጁ ደግሞ «የኛን ንብረት አለመውሰድሽን ሁሉም ክፍል ይፈርምልሽ» አላት። ላይብረሪው ፈረመ፤ ወጥ ቤቱ ፈረመ። የቀረው ስፖርት ክፍሉ ነው። አሰልጣኝ መንበሩ ከላይ እስከ ታች አያት።

«ኳሳችን የት አለ?»

«ጋሼ፣ እኔ ኳስ ነክቼም አላውቅ!»

«የወሰደ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። አለመውሰድሽን ማህተም ባለው ደብዳቤ አምጪ።»

ስፖርት ካልፈረመ ዲግሪ አይመጣ፣ ዲግሪ ካልመጣ ፈተና አይታለፍ፣ ፈተና ካልታለፈ ፈቃድ አይገኝ፣ ፈቃድ ካልተገኘ ሆስፒታል አይቀጥር፣ ሆስፒታል ካልቀጠረ አዝመራ አትወጋ!

የኮሌጁ ማህተም ያለው በመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በጋሽ አየልኝ ኮት ኪስ ውስጥ ነው። ጋሽ አየልኝ ሰው አያምኑም፤ ሠርግ ሲሄዱም ልቅሶ ሲሄዱም ማህተሙ አብሯቸው ይሄዳል። አሁን ታመው ሆስፒታል ገብተዋል፤ ማህተሙም አብሮ ገብቷል። የትኛው ሆስፒታል? ያው አዝመራን አልቀጥርም ያለው ነዋ! ብትሄድ ኮታቸውን ከብርድ ልብሱ በላይ ደርበው ተኝተዋል። ግሉኮስ የተሰካበት ቀኝ እጃቸው እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል፤ መርፌው ከደም ሥር ወጥቶ ውኃው ሥጋቸው ውስጥ እየፈሰሰ ነው።

«ጋሽ አየልኝ፣ ይማርዎት። እባክዎ ይቺ ደብዳቤ ላይ ይምቱልኝ።»

«በየትኛው እጄ ልጄ? ማህተም በግራ አይመታም፣ ነውር ነው።»

«ነርስ አልጠሩም?»

«ከጠዋት ጀምሬ እጣራለሁ! ነርስ አልቀጠርንም አሉኝ።»

ነርስ ካልተቀጠረ እጅ አይድን፣ እጅ ካልዳነ ማህተም አይመታ፣ ማህተም ካልተመታ ስፖርት አይፈርም፣ ስፖርት ካልፈረመ ዲግሪ አይመጣ፣ ዲግሪ ካልመጣ ፈተና አይታለፍ፣ ፈተና ካልታለፈ ፈቃድ አይገኝ፣ ፈቃድ ካልተገኘ ነርስ አይቀጠር! ዞሮ ዞሮ ከቤት ማለት ይኼ ነው።

አዝመራ እጇን ወደ ግሉኮሱ ስትዘረጋ ሲስተር ጥሩወርቅ ከበሩ ጮኸች።

«አንቺ! ያለ ፈቃድ በሽተኛ እንዳትነኪ!»

አዝመራ ጋውኗን አወለቀች፤ ከጎን አልጋ ነጠላ ተዋሰችና አገለደመች። «ነርስ አይደለሁም። አስታማሚ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ቶሎ በያ!»

አስታማሚ ፈቃድ አይጠየቅማ! ያልተማረው አጎት ሲያገላብጥ፣ ሲያጥብ፣ ግሉኮስ ሲጠብቅ ያድራል፤ የሚያስፈራው የተማረው ብቻ ነው።

አዝመራ ግሉኮሱን ዘጋች፣ መርፌውን ነቀለች፣ በጥጥ ያዘች፣ እጃቸውን ትራስ ላይ ከፍ አደረገች። እብጠቱም ጎደለ። እጅ ዳነ፣ ማህተም ተመታ፣ ስፖርት ፈረመ፣ ዲግሪ መጣ፣ ፈተና ታለፈ፣ ፈቃድ ተገኘ፣ ሆስፒታል ቀጠረ!

ሥራ በጀመረች ቀን የመጀመሪያ በሽተኛዋ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ አየልኝ! ወገባቸውን አሟቸው፣ ኮታቸውን ለብሰው መጥተዋል። መርፌውን ሲያዩ ደነገጡ።

«ቆይ ቆይ! ፈቃድ አለሽ?»

«አለኝ፤ እርስዎ ማህተም ስለመቱልኝ ነው ያገኘሁት። አሁን ዞር ይበሉ!»

ወጋቻቸው።

«ኡፍ!» አሉ ጋሽ አየልኝ። ሱሪያቸውን ከታጠቁ በኋላ ደግሞ «ተባረኪ፣ ሲስተር» አሉ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውም ይቅር፣ ማህተም ብቻ አምጪ አትበሉኝ።