የትርንጎ ርካሽ አውሮፕላን

ጠጋ በሉማ፣ የሆነውን ላውራችሁ። ትርንጎ የምትባል የአውቶቡስ ባለንብረት ነበረች። አንድ ክረምት አውቶቡሷ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ሐኪም ቤት ያልደረሰች ሴት ወንበር ላይ ወለደች። ትርንጎ አውቶቡሶቿን ሸጣ አንድ ያገለገለ አውሮፕላን ገዛች። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ሰው በአውቶቡስ ዋጋ ከአዲስ አበባ ሚዛን ከተማ ይብረር።

ካፒቴን ዳምጠው በጎሪጥ አያት። «በአውቶቡስ ዋጋ? ምን ደብቀው ነው ወይዘሮ ትርንጎ? መካኒኩ ካልፈረመ አላበርም!»

ካፒቴኑ አላበርም አለ፣ አውሮፕላኑም ቆሞ ቀረ።

መካኒኩ ኑርዬ ሞተሩን አየ፣ እሷንም አየ። «ሞተሩስ ደህና ነው። ግን ፈቃድ ሳይኖር ፈርሜ በኋላ ጉድ ልሁን?»

መካኒኩ አልፈርምም አለ፣ ካፒቴኑ አላበርም አለ፣ አውሮፕላኑም ቆሞ ቀረ።

የበረራ ፈቃድ ሰጪው ወረቀቷን ሦስቴ ገለበጠው። «ይሄ ነገር አልጣመኝም። መጀመሪያ ኢንሹራንስ!»

ፈቃጁ አልፈቅድም አለ፣ መካኒኩ አልፈርምም አለ፣ ካፒቴኑ አላበርም አለ፣ አውሮፕላኑም ቆሞ ቀረ።

የኢንሹራንሱ ሰው ሳቀባት። «ማን ደፍሮ ይሳፈርልሻል? ተሳፋሪ አስመዝግበሽ ነይ።»

ትርንጎ መናኸሪያ ሄደች። ተሳፋሪው ከበባት። «ክንፉ ቆርቆሮ ነው እንዴ?» አለ አንዱ። ሁሉም ሸሹ።

ተሳፋሪው አልመዘገብም አለ፣ ኢንሹራንሱ አልገባበትም አለ፣ ፈቃጁ አልፈቅድም አለ፣ መካኒኩ አልፈርምም አለ፣ ካፒቴኑ አላበርም አለ፣ አውሮፕላኑም ቆሞ ቀረ።

እማማ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ብቻ አልሸሹም። «ዋጋውን ያወረድሽው ከምኑ ቀንሰሽ ነው?»

«ምሳ የለም፣ ምንጣፍ የለም፣ ቢሮም የለኝ። ከሞተሩ ግን አንዲት ብሎን አልቀነስኩም።»

«አንቺስ ትሳፈሪያለሽ?»

«ከነልጄ፣ እማማ።»

እማማ ዓይኗን ትክ ብለው አዩት፤ ዓይኗ አልሸሸም። «በይ ጻፊኝ!»

እማማ ሲመዘገቡ ሌላውም ተመዘገበ። ተሳፋሪው ሲመዘገብ ኢንሹራንሱ ገባ፣ ኢንሹራንሱ ሲገባ ፈቃጁ ፈቀደ፣ ፈቃጁ ሲፈቅድ መካኒኩ ፈረመ፣ መካኒኩ ሲፈርም ካፒቴኑ ሞተሩን አስነሳ፣ አውሮፕላኑም በረረ!

እማማ ሚዛን እስኪያርፉ ድረስ ከክንፉ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ሲወርዱ ትርንጎን በጥርጣሬ ጠየቋት፦ «መመለሻውስ ስንት ነው?»

«ያው ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው ሁለት ሰው ጻፊ። እዚህ ያለችው እህቴ ዓይኗ ከጠፋ ስንት ዓመቷ፤ የአዲስ አበባን መንገድ ፈርታ ነው ሳትታከም የቀረችው።»