ሙሉ እግር የሚያስገባው እርካብ

ጉርምስናዬን ያሳለፍሁት ኮርቻ ሠሪው ጓንጉል ዘንድ ቆዳ ስፍቅ ነው። በዚያ ስለቀመስሁት ረኃብ አላወራም። ጓንጉል የተናገረውን ግን፣ ከፊሉን በጆሮዬ፣ ከፊሉን ከሽማግሌዎች የሰማሁትን፣ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ፈረሰኛ ባዶ እግሩን ነበር፤ እርካብ ውስጥ የሚገባው አውራ ጣቱ ብቻ ነው። ፊታውራሪ አምደብርሃን ከባሕር ማዶ ጫማ አስመጡና ጫማው ከእርካቡ አልገባ አላቸው። ጓንጉልን ጠርተው ሙሉ እግር የሚያስገባ ሰፊ እርካብ አሠሩት። ወዲያው ለበላያቸው ለደጃዝማቹ ደብዳቤ አስጻፉ፦ «በገዛ ጥበቤ ያወጣሁትን አዲስ እርካብ ልኬልዎታለሁ።» ማኅተም ከማኖራቸው በፊት ጓንጉል ፊት አስነበቡት።

«የጎደለ አለ?» አሉት።

«የለም ጌታዬ። ብቻ ደጃዝማች እንዴት እንደሠሩት የጠየቁዎት እንደሆነ፣ እኔ ከቤት አልጠፋም።»

መልስ መጣ። ደጃዝማቹ እርካቡን ወደውታል፤ አሁን ደግሞ ሰው የማይጥል ኮርቻ ይውጣልኝ ይላሉ። ፊታውራሪ ሦስት ቀን ግንባራቸውን ሲያሹ ከረሙና ጓንጉልን አስጠሩት።

«አንተ፣ ሰው የማይጥል ኮርቻ ይቻላል?»

«ምን ችግር አለው ጌታዬ! ከፈረሱ ያውርዱትና መሬት ላይ ይቀመጡበት።»

ጸሐፊው ሳቀ። ሳምንቱን ሙሉ ከፊታውራሪ የግብር ማዕድ ተከለከለ።

ሦስተኛውን ደብዳቤ የደጃዝማቹ መልእክተኛ ከገመድ ጋር ይዞ መጣ። የደጃዝማቹ ፈረስ ደንብሮ ሲጥላቸው፣ ጫማቸው ከሰፊው እርካብ አልወጣ ብሎ እስከ ገበያው ድረስ በጀርባቸው ተጎትተዋል። በጥንቱ እርካብ ቢሆን ጣት ወዲያው ሾልኮ ይወጣ ነበር። ደብዳቤው በችሎት ተነበበ፦ «ይህን እርካብ ያወጣ ሰው ታስሮ ይምጣ።»

ፊታውራሪ እግራቸውን ከነጫማው ወንበር ሥር ሰበሰቡ።

«ጓንጉል ነው! እኔ ማኅተሜን ብቻ ነው ያኖርሁበት። እሰሩት!»

ታስሮ የሄደ ሰው ሲመለስ አይቼ አላውቅም። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። መልእክተኛው ፊታውራሪ የላኩትን የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከጉያው አወጣ፤ ማኅተሙን አየ፤ ጓንጉልን አየ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ጓንጉል ሁለት እጆቹን ለገመዱ ዘረጋ።

«ምስጋናው ሲመጣ ደጄን አልፎ ፊታውራሪ ቤት ገባ፤ ገመዱን የእኔን ቤት ማን አሳየው?»