ያለ ፀጉር የማትበር ጠንቋይ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ትሉኛላችሁ። ዛሬ ላምም በረትም የለም። ያለው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ የቆመ የካርቶን ግንብ ነው። የጥንት ዘመን ቤተ መንግሥት ነው ይላሉ። ካርቶኑ ላይ ግን «ተሰባሪ ዕቃ» የሚል ጽሑፍ ተዘቅዝቆ ይነበባል።

ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች እዚያ የጠንቋዮች ፊልም ይሠሩ ነበር፤ በበዓል ዋዜማ በቴሌቪዥን የሚታይ። ፈረሰኞቻቸው የራስ ቁር ብለው የደፉት የአሉሚኒየም ድስት ነው፤ ጆሮውን እንኳ አላወለቁለትም። የእኛ አገር ቡዳ ጅብ ይሆናል ይባላል። የእነሱ ጠንቋይ መጥረጊያ ትጋልባለች። መጥረጊያ! ቤት ይጠርጉበታል እንጂ አገር ያቋርጡበታል?

ላቀው የሚባል ወጣት አባት ወደ ግንቡ መጣ። በበጋው ልጁ ሄርሜላ ከመንደር ልጆች ጋር እዚያ ተቀርጻ ነበር። ልጆቹ ጠንቋይዋን ሲያዩ እየጮኹ እንዲሸሹ ታዘዙ። ሁሉም እየጮኹ ሸሹ፤ ሄርሜላ ግን ሳቀች። «አበላሸችው!» ተባለና እሷ ያለችበት ቁራጭ ከፊልሙ ወጣ። ክረምት ሲገባ ታመመች፤ አልዳነችም። ቤት ያሉት ፎቶዎቿ ሁሉ ፊቷን ያኮሳተረችባቸው ናቸው። ላቀው የሚፈልገው ያቺን የሳቀችባትን ቁራጭ ብቻ ነው። መሞቷን ግን ለእንግዳ ሰው መናገር አልቻለም፤ ቃሉ ከአፉ አይወጣም።

ፊልሙን የሚቆርጠውና የሚቀጥለው ኤዲተር ድንኳን ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል።

«ወንድሜ፣ ልጄ የሳቀችባትን ቁራጭ ስጠኝ።»

«የተጣለውን? ምን ያደርግልሃል?»

«አየዋለሁ።»

«ያለ ዳይሬክተሩ ፈቃድ አቧራ እንኳ አልሰጥም።»

ላቀው ወደ ዳይሬክተሩ ሄደ። «ጌታዬ፣ ይፍቀዱልኝ። ኤዲተሩ ያለ ፈቃድ አይሰጥም፤ እኔም የልጄን ሳቅ አጥቼ ቆሜያለሁ።»

«የእኔ ወንድም፣ እኔ ጥበብ ላይ ነኝ» አለ ዳይሬክተሩ። ጥበቡ ወንበሩ ጀርባ ላይ በትልቁ የተጻፈው ስሙ ነው። «ጠንቋይዋ ካልበረረች ፊልሙ አያልቅም። ፊልሙ ካላለቀ ለማንም ምንም አልፈቅድም።»

ጠንቋይዋ ሚኒባስ ውስጥ ራሷን በሻርፕ ጠቅልላ ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ እባክሽ ብረሪ። ዳይሬክተሩ ያለ በረራ አይፈቅድም፣ ኤዲተሩ ያለ ፈቃድ አይሰጥም፤ እኔም የልጄን ሳቅ አጥቼ ቆሜያለሁ።»

«በየትኛው ፀጉሬ? የቃጫው ፀጉር ለፊልሙ መድኃኒት ሳማስል እሳት ገብቶ ነደደ። ለመሆኑ መላጣ ጠንቋይ አይተህ ታውቃለህ?»

«ፀጉር ያላትም አይቼ አላውቅ።»

«ሂድ ከፊቴ! ያለ ፀጉር አልበርም።»

ፀጉር ሠሪዋ እትዬ አሰገደች ከግንቡ ጀርባ ፀሐይ ትሞቃለች። ግንቡ በነፋስ ሲወዛወዝ በክርኗ ትደግፈዋለች።

«እትዬ፣ ፀጉር ይሥሩላት። ጠንቋይዋ ያለ ፀጉር አትበርም፣ ዳይሬክተሩ ያለ በረራ አይፈቅድም፣ ኤዲተሩ ያለ ፈቃድ አይሰጥም፤ እኔም የልጄን ሳቅ አጥቼ ቆሜያለሁ።»

«ከምን ልሥራው? ከምራቄ? የቃጫ መግዣውን ገንዘብ ለፊልሙ የሚለቀቅ ጢስ ገዙበት። ጢሱም ይኸው በነፋስ ሄደ። የፈረስ ጭራ አምጣልኝና እሠራለሁ። ያለ ጭራ እጄንም አላነሳ።»

ግንቡ አጠገብ የታሰረው ፈረስ ድሮ ነጭ የጋሪ ፈረስ ነበር። ፊልም ሠሪዎቹ ለፊልሙ ንጉሥ ጥቁር ፈረስ ቢያጡ እሱን በጫማ ቀለም ቀቡት። ላቀው ከእትዬ አሰገደች መቀስ ተውሶ ተጠጋ።

«አያ ፈረስ፣ ትንሽ ጭራ ስጠኝ። ፀጉር ሠሪዋ ያለ ጭራ አትሠራም፣ ጠንቋይዋ ያለ ፀጉር አትበርም፣ ዳይሬክተሩ ያለ በረራ አይፈቅድም፣ ኤዲተሩ ያለ ፈቃድ አይሰጥም፤ እኔም የልጄን ሳቅ አጥቼ ቆሜያለሁ።»

አያ ፈረስ መልሱን በኋላ እግሩ ሰጠ። ላቀው ከመሬት ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ።

ባለጋሪው ጋሽ ጥላዬ ባዶ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ያየዋል።

«ጋሼ፣ ፈረሱን ይያዙልኝ። ፈረሱ ጭራ አያስነካም፣ ፀጉር ሠሪዋ ያለ ጭራ አትሠራም፣ ጠንቋይዋ ያለ ፀጉር አትበርም፣ ዳይሬክተሩ ያለ በረራ አይፈቅድም፣ ኤዲተሩ ያለ ፈቃድ አይሰጥም፤ እኔም የልጄን ሳቅ አጥቼ ቆሜያለሁ።»

«አልይዝም! ነጭ ፈረስ ወስደው ሰይጣን አድርገው መለሱልኝ። ገበያተኛው ሲያየው ያማትባል እንጂ አይሳፈርም። ቄሱ እንኳ መንገድ ቀየሩብኝ። አሁን ደግሞ ጭራውን? እነሱ ናቸው የላኩህ!»

«ማንም አልላከኝም። ለልጄ ብዬ ነው።»

«እንዲህማ ሁሉም ይላል። እውነት ከሆነ፣ ልጄ ትሙት ብለህ ማል።»

ላቀው ፊቱን ወደ ፈረሱ መለሰ።

«አየህ? ማል እንጂ! ልጄ ትሙት በል!»

«አልምልም።»

«ውሸታም ስለሆንክ ነዋ!»

«ሞታለች» አለ ላቀው። «በማን ልማል?»

ጋሽ ጥላዬ ከጋሪው ወረደ። ባርኔጣውን አወለቀ። የሚይዝበት ቦታ ያጣ ይመስል ከእጅ ወደ እጅ አዛወረው።

«አፌን ቁርጥ ያድርገው» አለ። «ስሟ ማን ነበር?»

«ሄርሜላ።»

«እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ። እኔ እይዘዋለሁ፤ አንተ ቁረጥ።»

ባለጋሪው የፈረሱን አንገት አቅፎ ያዘ። ፈረሱ ጭራውን አስነካ። ፀጉር ሠሪዋ ፀጉሩን ሠራች። ጠንቋይዋ ፀጉሩን ደፍታ መጥረጊያዋ ላይ ወጣች፤ ጎረምሶች በገመድ ጎተቷት፤ ከወንበር ከፍ፣ ከጠረጴዛ ዝቅ ብላ በረረች። ዳይሬክተሩ «ታሪክ ሠራን!» ብሎ አለቀሰ፤ እያለቀሰም ፈቀደ። ኤዲተሩም የልጅቷን ሞት ከጋሽ ጥላዬ ሰምቶ «ምነው ከጠዋቱ ብትነግረኝ» እያለ ቁራጩን ከፈተ።

ጋሽ ጥላዬ ከላቀው ጎን ቆመ። ጠንቋይዋም በአዲሱ ፀጉሯ ከኋላቸው ተጠጋች። ኮምፒውተሩ ላይ የመንደሩ ልጅ ሁሉ እየጮኸ ይሸሻል። ሄርሜላ ብቻ አልሸሸችም። ሆዷን ይዛ፣ በጣቷ እየጠቆመች ትስቃለች። ከዚያ ከካሜራው ጀርባ አባቷን ፈለገችና ተጣራች፦

«አባዬ! አባዬ! ጠንቋይዋ ማስቲካ ታኝካለች!»

ከኋላቸው የጠንቋይዋ አገጭ ቀጥ አለ። ጋሽ ጥላዬ ዞሮ አያት፤ ማስቲካውን በዝምታ ዋጠችው።

«እንደገና» አለ ላቀው።

ኤዲተሩ እንደገና ከፈተለት።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ሳቋን ግን ለአባቷ ተዉለት።