በክር የተለኩ ልጆች

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ሚስቱ እስከ አሥረኛ ክፍል የተማረች ዓይነ አፋር ሴት ነበረች። ልጄ፣ «ሌላ እናት ቀድማ የደበቀችውን ልጇን ታውጣ፤ እኔም እከተላለሁ ብል ምን ክፋት አለው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እንግዲያው የእነዚህን ሰዎች ነገር ስሚ።

ባልና ሚስቱ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። ትልቋ ታጭታለች። ታናሿ ትርንጎ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። «በዘራቸው ደንቆሮ አለ» ከተባለ የትልቋ ጋብቻ ይፈርሳል ብለው ስለ ፈሩ፣ ለጎረቤት «አያቷ ጋ ገጠር ናት» እያሉ ከሱቁ በስተኋላ፣ ከመጋረጃ ጀርባ አሳደጓት። ልጅቱ መደበቅን ራሷ ተማረችው። መዳፏን ግድግዳው ላይ ታሳርፋለች፤ የአባቷ የስፌት መኪና ሲሄድ ንዝረቱን ትለየዋለች። ንዝረቱ ከቆመ ሰው መጣ ማለት ነው። ያኔ ማንም ሳያዛት ጥጉ ውስጥ ገብታ ጉልበቷን ታቅፋለች። እናትየው ይህን ባየች ቁጥር፣ «እኛ ስንሞት ይህችን ልጅ ማን ያናግራታል?» ትላለች።

አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። «ለዘመድ ልጅ ነው» ብላ ርዕሰ መምህሩን ጠየቀችው።

«እትዬ፣ ወረዳው የልዩ ፍላጎት መምህር የሚመድብልን አምስት ልጆች ሲመዘገቡ ነው» አላት። «በአንድ ልጅ ክፍል አይከፈትም። በዚህ ቀበሌ ደግሞ ቤት ለቤት ጠይቀን አንድም አላገኘን። የማይሰማ የለ፣ የማያይ የለ፤ ሁሉም ‹ይጠብቀን፣ እኛ ጋ የለም› ይላል። የመላእክት አገር ሆኗል!»

ሴትዮዋ እንዳሉ ታውቅ ነበር። ለዓመት በዓል የሚያሰፋ ወላጅ ልጁን ይዞ ይመጣል፤ ባሏም በሜትሩ ይለካዋል። አንዳንዱ ግን ልጁን አያመጣም። ቁመቱንና ትከሻውን እቤቱ ለክቶ፣ ቋጠሮ ያሰረበትን ክር ይዞ ይመጣል። «የማን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። ባሏ ክሩን ተቀብሎ ይሰፋል፣ አፉንም ይዘጋል። እንዲህ ያለ ክር በየዓመቱ ከአምስት ቤቶች ይመጣ ነበር፤ በየዓመቱም ጥቂት ጣት ይረዝማል።

አምስቱን ቤቶች በወረቀት ላይ ጻፈች። የራሷን ቤት አልጻፈችም። «ክፍሉ ይከፈት እንጂ ትርንጎን በኋላ ቀስ ብዬ አስገባታለሁ» ብላ አሰበች። ወረቀቱን አጥፋ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ሥር አሾለከችው። ለባሏም አልነገረችም።

በሳምንቱ ከወረዳው ሁለት ሰዎች መዝገብ ይዘው በአምስቱ ቤቶች ዞሩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ነገር ግን ማንም ያልነገራቸውን ልጅ «የታለ?» ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ደነገጠ። «ልጆቻችንን ሊወስዱብን ነው» ተባለ። አምስቱም «የለንም» ብለው ማሉ። ከአምስቱ አንዱ፣ ከወንዙ ማዶ የሚኖር ገበሬ ደግሞ፣ የማይሰማ ወንድ ልጁን በቅሎ ላይ አስቀምጦ ቆላ ወዳለ ዘመዱ ላከው።

ወር ሳይሞላ ያ ገበሬ ወደ ሱቁ ገባ። የገበያ ቀን ነበርና ሰው ሞልቷል። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቆመ።

«የልጄን ክር የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ» አለው ገበሬው። «ከዘመዴ ቤት ወጥቶ ጠፋ። ስንት ቀን በረሃውን አሰስነው። ስሙን ብጠራ አይሰማኝ! ማነው የሸጠኝ?»

«ወንድሜ፣ እኔ ትንፍሽ አላልኩም።»

«ማል!»

«ተናግሬ ከሆነ ልጆቼን ይንሳኝ!»

ሚስቱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰማች። መሐላው እውነት ነበር፤ ባሏ ምንም አያውቅም። የጻፈችው ግን እሷ ናት። ትርንጎ ጥጉ ውስጥ ተኮራምታ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ያ መሐላ ዞሮ በማን ላይ እንደሚወድቅ ታሰባት። ብድግ አለችና የልጅቱን እጅ ይዛ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ትርንጎ ብርሃኑ ሲወጋት ፊቷን በእናቷ ቀሚስ ሸፈነች።

«እኛም አለችን» አለች ሴትዮዋ።

አንዲት ገበያተኛ፣ «ኧረ ጉድ! ይህን ሁሉ ዓመት ምን ውጧት ነው?» አለች።

«አንቺ ዝም በይ!» አላት ገበሬው። ከዚያ «እናንተም?» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እንደ እኔ የተጨነቀ ሰው አይሸጠኝም ብሎ አመናቸው። ሴትዮዋም ያን ጊዜ መናገር ሲገባት ዝም አለች።

ወሬው ሲሰማ ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ከትርንጎ ጋር አራት ሆኑ። ወረዳው «አምስት ነው ያልነው» አለ። ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ ከእናቶቹ ጋር ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተቀመጠ። «ነገ ኑ» ሲባሉ ነገም ይመጣሉ፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲባሉ እዚያው ይውላሉ። ከሁለት ወር በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን የሚመጣ መምህር ተመደበላቸው። የትልቋ ጋብቻ እንደ ፈሩት ፈረሰ፤ ኋላ ሌላ አገባች። ትርንጎ በእጇ መነጋገር ጀመረች። የገበሬው ልጅ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አገሩ ሴትዮዋን «ጀግና እናት» አላት። ገበሬውም በየዓመት በዓሉ እርጎ ይልክላት ነበር፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አልቀመሰችውም። ባሏ ምንም ሳያውቅ ሞተ።

ልጄ፣ ሌላዋ ትቅደም ማለት የወንዝን ጥልቀት በሰው ልጅ መለካት ነው። ጎድሎ ከሆነ አንቺ ትሻገሪያለሽ፤ ሞልቶ ቢወስደውስ? የምትጠብቂያት እናት ደግሞ በሯን ዘግታ አንቺን እየጠበቀች ነው። ያቺ ሴት መጀመሪያውኑ ትርንጎን ይዛ የአምስቱን ቤቶች በር ብታንኳኳ ኖሮ፣ ገበሬው በቅሎውን ባልጫነ ነበር።

ይህን ሁሉ ከማን ሰማሽ አትበይኝ። ወረቀቱን የጻፈችው ይህች እጄ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ አፍር ነበር።

ነገ ልጅሽን ይዘሽ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ግቢ። ስለ ማንም ቤት ከማውራትሽ በፊት የራስሽን ልጅ ስም ንገሪው። እኔም ነገ ወንዙን እሻገራለሁ። ገበሬው አርጅቷል፣ ግን አለ። ምን እንደሚለኝ አላውቅም። እፈራለሁ። አንቺም እየፈራሽ ሂጂ።