መልአከ ፍሥሐ እና የአጋረደች እልልታ

አንድ ቀን አጋረደች የምትባል ባልቴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እልል ብላ ተከሰሰች። ሰው ሰርቆ ይከሰሳል፣ ሰው ተሳድቦ ይከሰሳል፤ እሷ በእልልታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ተዋበች አግብታ ስንት ዘመን ሳትወልድ ኖራ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከንፈሩን መጦ መጦ ሲሰለቸው ወንድ ልጅ ወለደች። አጋረደች ለገብርኤል ተስላ ነበር። ሌላው ጃንጥላ ይሳላል፤ እሷ ጃንጥላ መግዣ ስለሌላት «ልጅ ስጣትና በንግሥህ ቀን ሕፃኑን አዝዬ በእልልታ አጅብሃለሁ» ነው ያለችው። ታዲያ ሕፃኑ ክርስትና ሲነሳ፣ ከውሃው ወጥቶ ሲያለቅስ ብታየው አላስቻላትም፤ ንግሡን ሳትጠብቅ እልልታውን ለቀቀችው። እልልታዋ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ገደል ማዶ ያለ አራሽ በሬውን አቁሞ ያማትባል።

የደብሩ አለቃ ይህን አልወደዱትም። የተማሩ ናቸው፣ ጸሎታቸውም አይታጎልም፤ ሐሰት አይነገርም። ፊታቸው ብቻ ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ ነው፤ ፋሲካ እንኳ መጥቶ አያስፈስከውም። ሙሽራ ሲያጋቡ ያየ እንግዳ፣ ሬሳው የታለ ብሎ ይጠይቃል። ማዕረጋቸው ግን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? መልአከ ፍሥሐ። የሾማቸው ሰው ከሩቅ ነው ያያቸው ይላል አገሬው።

እሳቸውም አጋረደችን ሽማግሌዎቹ ፊት አስጠሯት። ቤተ መቅደስ ጠላ ቤት አይደለም፣ ለክርስቲያን የታዘዘለት እንባ ነው አሉና ፈረዱ፦ ዳግመኛ እልል አልልም ብላ መስቀል ጨብጣ ካልማለች፣ ለመጪው ንግሥ ከቅጽሩ ውጭ ትቆማለች። አቶ ይልቃል የሚባሉ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ ማይና ተገላገይ፣ ምን ይጎዳሻል አሏት። እሷ ግን ብትምል ስለቷ ፈረሰ፤ ባትምል ደጅ ቀረች። ነጠላዋን አጣፋች።

«አባታችን፣ ያኔ ሲያስተምሩን፣ መልአክ ማለት ምን ማለት ነው ነበር ያሉን?»

«መልእክተኛ።»

«ፍሥሐስ?»

«ደስታ። ግዕዝ ልትማሪ ነው እንዴ የመጣሽው?»

«ኧረ እኔ ፊደሉንም በቅጡ አልለየሁ። ነገሩ አሁን ገና ገብቶኝ ነው። እግዜር ደስታ አሸክሞ ወደኛ ላከዎት፤ እርስዎ መንገድ ላይ በሉት። ማይ ካሉኝማ፣ መጀመሪያ እርስዎ መስቀሉን ይጨብጡና አልበላሁም ብለው ይማሉ።»

አቶ ይልቃልን ሳል ያዛቸው፤ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁት። አለቃው መስቀሉን አዩ፣ አጋረደችን አዩ፣ መስቀሉን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

በንግሡ ዕለት ታቦቱ ሲወጣ አጋረደች ሕፃኑን አዝላ ስለቷን አደረሰች። የመልአከ ፍሥሐም ጥርስ ታየ፤ ለካ ሙሉ ኖሯል።