የዘርፌ ጎመንና የጭራቁ አቁማዳ

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ የዛሬው ሆድ ያባባል።

በድሮ ጊዜ አንድ ጭራቅ ነበረ። የአገሩ እህል ሁሉ በእሱ ጎተራ ነበር። የሰውን ድምፅ ተቀብሎ አቁማዳው ውስጥ ይከታል፤ በምትኩ በየሳምንቱ ጥቂት ዱቄት ይሰፍራል። «ባለቤቱ ካልጠገበ ድምፁ ከዚህ አይወጣም!» እያለ ይስቃል። በዚያች ዱቄት ደግሞ ማን ይጠግባል? ልጆቹ ገረጡ። ሰዉ ግን ጓሮውን ዳዋ አልብሶ የጭራቁን ደጅ ይጠና ነበር።

ዘርፌ የምትባል ሴት ብቻዋን ትኖር ነበር። እሷ ድምፅዋን አልሰጠችም። ግን ማን ያናግራት? ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ብርቄ፣ እንዴት አደርሽ?» ትላለች። ዝም። ቀትር ላይ «እንዴት ዋልሽ?» ዝም። ማታ «እንዴት አመሸሽ?» ዝም። ጎረቤቷ ብርቄ እጇን ብቻ ታወዛውዝላታለች። ዘርፌ ቤቷ ገብታ ታለቅሳለች። ከረሃቡ ብቸኝነቱ ይብስባት ነበር።

አንድ ቀን ከድሮ ያስቀመጠቻት ዱቄት አለቀች። «እንግዲህ ድምፄን ልስጥ» ብላ ስትነሳ፣ እጣቢ ከምትደፋበት እርጥብ ቦታ አንዲት እንቁራሪት ተናገረች።

«ዘርፌ፣ ቆዪ! ስንት ዓመት በእጣቢሽ ኖርኩ። ይቺን ዝሪ።»

አንዲት የጎመን ዘር ከአፏ አወጣች። ዘርፌ ዳዋውን መነጠረች፤ አመድና ፍግ ጨመረች፤ ዘራች። በሦስተኛው ቀን ጎመኑ ደረሰ። የታች የታቹን ቀነጠሰች፤ ጫፉን አልነካችም። ቅጠሉ ወዲያው ተተካ!

ጭራቁ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «ማን ብዪ አለሽ? ድምፅሽን አምጪ!»

«ጌታዬ፣ ይቺን አንድ ጎመን ቀንጥሰህ ከጨረስክ ድምፄ ያንተ ነው። ጫፏን ግን አትንካ። የቀነጠስከውንም እንዳልበላው ከአጥሩ ማዶ ወርውረው።»

«ይቺን?» አለና ሳቀ።

አንድ ቀን ቀነጠሰ፤ ተተካ። ሁለተኛ ቀን ቀነጠሰ፤ ተተካ። ከአጥሩ ማዶ ብርቄና ጎረቤቶቹ ቅጠሉን ለቅመው ቀቀሉ፤ በሉ። የልጆቹ ፊት ወዛ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ጠገቡ። አቁማዳው ተነፋ፣ ተነፋና ጧ! ድምፁ ሁሉ ወደየባለቤቱ በረረ። ጭራቁ ጆሮውን ይዞ፣ እያነከሰ ጠፋ።

ዘርፌ ብቻዋን ቆመች። አሁንም ማንም የማያናግራት መስሏት ፈራች። ከዚያ ከአጥሩ ማዶ፣

«ዘርፌ፣ እንዴት ዋልሽ?»

አለቀሰች፣ አለቀሰችና፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብርቄ። ነይ፣ ዘር ልስጥሽ» አለች።

አያችሁ ልጆች፣ ጓሮውን የሚያለማ ቤት ልጆቹን ያጠግባል፤ የማንንም ደጅ አይጠናም። በሉ ተረቴን መልሱ፤ አፌን በጎመን አብሱ!