ጥሪ የጠበቀው አውራ ጣት

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅርብ፣ ቁስል ያለው ደግሞ እጁን ከቁስሉ ላይ ያንሳ።

ደሴ ውስጥ ጥሩወርቅ የምትባል ሹሩባ ሠሪ ነበረች። የሠራችው ሹሩባ ሁለት ሳምንት ቢተኙበት ንቅንቅ አይልም። ታዲያ ጥር ሊገባ ሲል ክር ልትቆርጥ ምላጭ አነሳችና የቀኝ አውራ ጣቷን ሸረከተችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግድ አልነበራትም። አሁን ግን የሟች እህቷ ልጅ ትርሲት ልትዳር ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ጥሩወርቅ ደግሞ እህቷ አልጋ ላይ ሳለች «ልጅሽን ለሠርጓ በገዛ እጄ ነው የምሠራት» ብላ ቃል ሰጥታታለች። ያለ አውራ ጣት ሹሩባ የለም። ሳምንት አለፈ፣ ቁስሉ አልዘጋ አለ።

ቢቸግራት ቆዳዋን ጠየቀችው። ለምን አትገጥምም፣ ይኸው ሹሩባ አልተሠራ አለችው። ቆዳም ኩራቱ አይጣል ነው፤ ባዶ ጉድጓድ ላይ አልተኛም አላት። ከሥሬ የሥጋ ክር የሚዘረጋ ሸማኔ አለ፣ እሱ ካልሸመነ እኔ አልገጥምም አለ።

ወደ ሸማኔው ሄደች። ሸማኔ ሆይ፣ አንተ አልሸመንክ፣ ቆዳ አልገጠመ፣ ሹሩባ አልተሠራ አለችው። ሸማኔው ሆዱን አሳያት። ቀለቤን የሚያመጣው ደም ሥር ነው፣ እሱ ከተቆረጠ ወዲህ እህል አልቀመስኩም፣ በባዶ ሆዴ አልሸምንም አለ።

ወደ ደም ሥሩ ሄደች። አንተ ቅርንጫፍህን አልዘረጋህ፣ ሸማኔ አልሸመነ፣ ቆዳ አልገጠመ፣ ሹሩባ አልተሠራ አለችው። ቀጭኑ ደም ሥር አፍንጫውን ያዘ። ሰፈሩ ቆሽሿል፣ ጠራጊው ካልጠረገ በዚህ መንደር አላልፍም አለ።

ጠራጊው ከነጭ የደም ህዋሳት ወገን ነው፤ ያገኘችውም ከጀርሞች ጋር ሲደባደብ ነው። አንተ አልጠረግህ፣ ደም ሥር አልዘረጋ፣ ሸማኔ አልሸመነ፣ ቆዳ አልገጠመ፣ ሹሩባ አልተሠራ አለችው። እሱም ቡጢውን ሳያወርድ መለሰላት። ገላጋይ በሌለበት ጠብ አላቆምም፣ ጠቡ ይብቃ፣ ጥገና ይጀመር የሚለኝ ግንዱ ነው፣ እሱ ደግሞ ድምፁ ጠፍቷል አለ።

ግንዱ ማን ነው አትሉም? ሐኪሞች ግንደ ህዋስ የሚሉት ነው። ከቆዳ ሥር፣ ስብ ውስጥ ተመቻችቶ ተጋድሟል፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ደህና አድርጎ አይቶታል። ጥሩወርቅ ቁጣዋን እዚህ አወረደችው። አንተ ግንድ፣ ተነስተህ ቆዳ ብትሆንልኝ ምናለበት፤ አንተ ተጋድመህ ጠራጊ አልጠረገ፣ ደም ሥር አልዘረጋ፣ ሸማኔ አልሸመነ፣ ቆዳ አልገጠመ፣ ሹሩባ አልተሠራ አለችው።

ግንዱ አልተቆጣም። ሰው ሁሉ እንዲህ ይሳሳታል አላት። የእኔ ሥራ ቆዳ መሆን አይደለም፣ መጥራት ነው። ደቦ ጠሪ ነኝ። መልእክት እልካለሁ፣ ሐኪሞች የዕድገት ንጥረ ነገር ይሉታል፤ ያ መልእክት ጠራጊውን ያበርዳል፣ ደም ሥሩን ያስዘረጋል፣ ሸማኔውን ያስነሳል። ደግሞ ጠርቼ ነበር። ሦስቴ ጠራሁ፣ ሦስቴም ሠራተኛው በወጣ ማግስት ያ የግራ እጅሽ ጥፍር ቅርፊቱን ፈንቅሎ ደቦዬን በተነብኝ። አሁን አፈርኩ፣ ጥፍርሽ ካላረፈ አልጠራም አለ።

ጥሩወርቅ ጥፍሯ ላይ አፈጠጠች። አንተ አላረፍክ፣ ግንድ አልጠራ፣ ጠራጊ አልጠረገ፣ ደም ሥር አልዘረጋ፣ ሸማኔ አልሸመነ፣ ቆዳ አልገጠመ፣ ሹሩባ አልተሠራ አለችው። ጥፍሩ ምን ያድርግ፤ እኔ ታዛዥ ነኝ፣ ጎረቤትሽ እትዬ ብርቄ በየማለዳው መጥታ እስቲ ላየው ትላለች፣ አንቺም ግለጥ ትዪኛለሽ፣ እገልጣለሁ አለ።

እውነቱን ነው። እትዬ ብርቄ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤት ናት። በየማለዳው ታስገልጣለች፣ ታያለች፣ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ የጥርስ ሳሙና ቀቢበት ትላለች፣ በዚህ እጅሽማ ሌላ ሠሪ ፈልጉ ብላ ትወጣለች።

ጥሩወርቅ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሄደች። «እትዬ ብርቄ፣ የአንቺ አፍ አላረፈ፣ ጥፍር አላረፈ፣ ግንድ አልጠራ፣ ጠራጊ አልጠረገ፣ ደም ሥር አልዘረጋ፣ ሸማኔ አልሸመነ፣ ቆዳ አልገጠመ፣ ሹሩባ አልተሠራ። ምን በደልኩሽ?»

እትዬ ብርቄ መጀመሪያ ይቺ ሴት ለየላት እንዴ ብላ አየቻት። ቀጥሎ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ትርሲትን ጡት ሳይቀር አጥብቻታለሁ» አለች። «ለቀበሌው ሁሉ ካርድ ታደለ። እኔን ማን ጠራኝ?»

ጥሩወርቅ ክው አለች። ካርድ ለእንግዳ ነው፣ ለቤት ሰው ካርድ አይሰጥም፤ የቤት ሰው በአፍ ይጠራል። ጥሩወርቅ ትርሲት ጠርታታለች ብላ፣ ትርሲት አክስቴ ጠርታታለች ብላ፣ እትዬ ብርቄን በአፍ የጠራት አንድ ሰው አልነበረም።

«እትዬ ብርቄ» አለች ጥሩወርቅ፣ የጎረቤቷን ጉልበት ይዛ። «ለልጃችን ሠርግ ነይልን። ስሠራት ከጎኔ ተቀምጠሽ ቅቤውን የምትይዢው አንቺ ነሽ። እህቴ ብትኖር እሷ ነበረች የምትይዘው።»

እትዬ ብርቄ አለቀሰች፣ አፏም አረፈ። አፍ ሲያርፍ ጥፍር አረፈ፣ ጥፍር ሲያርፍ ግንድ ጠራ። ከተጋደመበት ስንዝር አልተነቃነቀም፣ ቆዳም አልሆነም፤ ብቻ ጠራ። ግንድ ሲጠራ ጠራጊ ጠረገ፣ ጠራጊ ሲጠርግ ደም ሥር ዘረጋ፣ ደም ሥር ሲዘረጋ ሸማኔ ሸመነ፣ ሸማኔ ሲሸምን ያ ኩሩ ቆዳ ገጠመ። አሥር ቀን ፈጀ፤ ደቦ ነዋ።

በሠርጉ ዋዜማ ትርሲት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጥሩወርቅ ፀጉሯን በአውራ ጣቷ ከፈለችው፣ እትዬ ብርቄ ቅቤውን ያዘች። ትርሲት የአክስቷን እጅ ሳበችና ጠባሳውን ሳመችው። እትዬ ብርቄም አንገቷን አስግጋ «እስቲ ላ...» ብላ ጀመረችና አፏን በቅቤ እጇ ከደነችው።

ሹሩባው ተሠራ፣ ተረቴም ተቋጨ፤ ቋጠሮውን የሚነካካ ግን ጥፍሩ ይቆረጥ።